የቡናን ቅጠል ገልብጦ ማየት ለምን ያስፈልጋል?

በጅማም ሆነ በሐረርጌ ቡና ያለው ገበሬ ዓይኑ ፍሬው ላይ ነው። ፍሬውን የሚቀልበው ግን ቅጠሉ ነው፤ ቅጠሉ ከታመመ የከርሞው ምርት ይጎዳል። ስለዚህ ዛሬ የቅጠል ውስጠኛ ክፍል ምን እንደሚመስልና በሽታ በየት በኩል እንደሚገባበት እንመለከታለን።

ቅጠልን በምላጭ በስሱ ቆርጠን በማይክሮስኮፕ ብናየው እንደ ፎቅ ቤት የተደራረበ ሆኖ እናገኘዋለን። ከላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ሰም መሰል ልባስ ውኃ በከንቱ እንዳይተን ይከላከላል። ከሥሩ ብርሃን የሚያሳልፍ የሽፋን ሕዋሳት ረድፍ አለ። ቀጥሎ እንደ ምሰሶ ተጠጋግተው የቆሙ ሕዋሳት ይገኛሉ። አረንጓዴው ክሎሮፊል በብዛት ያለው በእነዚህ ውስጥ ስለሆነ፣ ብርሃን አስተጻምሮ የምንለው ምግብ የማዘጋጀት ሥራ በአብዛኛው የሚካሄደው እዚህ ነው። ከእነሱ በታች ያለው ክፍል እንደ ስፖንጅ ክፍተት የበዛበት ነው፤ አየር በዚያ ይዘዋወራል። የቅጠሉ ጅማቶች ደግሞ ሁለት ዓይነት ቱቦ ይዘዋል። ዛይለም ከሥር ውኃና ማዕድን ያመጣል፤ ፍሎየም የተሠራውን ስኳር ወደ ፍሬ፣ ግንድና ሥር ያደርሳል።

ስኳሩ የሚሠራው ከውኃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በፀሐይ ብርሃን ጉልበት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየሩ 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ቅጠሉ በሩን መክፈት ግድ ይለዋል። በሮቹ ስቶማታ የሚባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲሆኑ፣ በቡና ቅጠል ላይ የሚገኙት በታችኛው ገጽ ነው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ግራና ቀኝ ሁለት ዘብ ሕዋሳት አሉ። ውኃ ሲጠግቡ ይነፋሉ፣ በሩም ይከፈታል፤ ውኃ ሲያጥራቸው ይላላሉ፣ በሩም ይዘጋል። ሲከፈት አየር ይገባል፣ ውኃ ግን ተንኖ ይወጣል። ሲዘጋ ውኃው ይተርፋል፣ ምግብ ማዘጋጀቱ ግን ይስተጓጎላል። በድርቅ ወቅት የተክል እድገት የሚገታበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የቡና ቅጠል ዋግ የሚያመጣው ፈንገስም የሚገባው በእነዚሁ በሮች ነው። ዱቄት መሰል ዘሩ እርጥብ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ይበቅላል፤ በቀዳዳው ሾልኮ በስፖንጁ ክፍል ክፍተቶች ውስጥ ይሰራጭና የሕዋሳቱን ምግብ ይመጠምጣል። ከዚያ በታችኛው ገጽ ብርቱካንማ ዱቄት ይታያል፤ ቅጠሉም ያለጊዜው ይረግፋል። በ1869 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ የታየው ይህ በሽታ የደሴቲቱን የቡና እርሻ አጥፍቶ አምራቾቹ ወደ ሻይ ልማት እንዲዞሩ አስገድዷል።

እንግዲህ ቡናችሁን ስትጎበኙ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ተመልከቱ፤ ከላይ የሚታየው ፈዛዛ ቢጫ ነጠብጣብ ብቻ ሊሆን ይችላል። የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ መግረዝ ነፋስ እንዲገባና ቅጠሉ ቶሎ እንዲደርቅ ይረዳል። መድኃኒት የሚረጭ ሰውም የታችኛውን ገጽ ማዳረስ አለበት፤ ላይ ላዩን ብቻ የተረጨ መድኃኒት ፈንገሱ የሚገባበትን በር አያገኘውም። አዲስ ችግኝ የምትተክሉ ደግሞ ዋግን የሚቋቋም ዝርያ እንዳለ የአካባቢያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።