ተረትና እውነታ፦ «ይህ ካርድ አይረባም»

በተለመደው የካርታ ጨዋታ የእያንዳንዱ ካርታ ማዕረግ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ንጉሡ ከአስሩ በላይ ነው፤ ሁለት ሰው ተቀምጦ ቢጫወት አምስት ሰው፣ ማዕረጉ አይለወጥም። ይህን ልማድ ይዘን ወደ ምናባዊው ዓለም የካርድ ጨዋታዎች ስንገባ ነው ስህተቱ የሚጀምረው። እንደ «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» ባለ ጨዋታ እያንዳንዱ ካርድ የራሱ ጽሑፍ፣ የራሱ ወጪና የራሱ ሥራ አለው። ተጫዋቹ ከብዙ ሺህ ካርዶች መካከል መርጦ ዴክ የሚባለውን የራሱን ጥቅል ያዘጋጃል። አዲስ ካርድ በወጣ ቁጥር ታዲያ አንዴ አንብቦ «ይህ ብርቱ ነው፣ ይህ አይረባም» ማለት የተለመደ ነው። ፍርዱ ችኩል መሆኑ ትንሹ ችግር ነው፤ ትልቁ ችግር የሚፈረድበት ሚዛን ነው። ጠረጴዛውን የከበበው ስንት ሰው እንደሆነ፣ እያንዳንዱ በስንት የሕይወት ነጥብ እንደሚጀምር፣ ጨዋታው ስንት ዙር እንደሚዘልቅ ሳይጠየቅ «ደካማ» የተባለ ካርድ ገና አልተመዘነም።

ሚዛኑ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ማጂክን የፈጠረው የሒሳብ ምሁሩ ሪቻርድ ጋርፊልድ ሲሆን፣ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው በ1993 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዋናው አጨዋወት የሁለት ሰው ግጥሚያ ነው፦ ቢያንስ 60 ካርድ፣ 20 የሕይወት ነጥብ፣ አንድ ባላጋራ። ታላላቆቹ ውድድሮችም በዚሁ መንገድ ስለሚካሄዱ፣ ስለ ካርድ ጥንካሬ ለዓመታት የተከማቸው እውቀት በአብዛኛው የሁለት ሰው እውቀት ነው። በሌላ በኩል አላስካ ውስጥ በጓደኛሞች መካከል የተወለደው፣ ኩባንያው ከ2011 ጀምሮ የተዘጋጁ ዴኮች የሚያወጣለት ኮማንደር የሚባል አጨዋወት አለ። እዚያ ዴኩ 100 ካርድ ነው፤ ካርድ ለማውጣት የሚከፈለውን ማና ከሚሰጡት መሠረታዊ መሬቶች በቀር አንድ ካርድ ከአንድ ጊዜ በላይ አይገባበትም። እያንዳንዱ ተጫዋች በ40 ነጥብ ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜም አራት ሰው ይቀመጣል። ጨዋታው እንዲህ ከሥሩ ሲለወጥ ብዙ ሰው አሮጌውን ሚዛን እንደያዘ ቀረ።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ተራ ስሌት ያሳያል። ላይትኒንግ ቦልት ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ የተከበረ ካርድ ነው፤ በአንድ ቀይ ማና 3 ነጥብ ጉዳት ያደርሳል። በሁለት ሰው ግጥሚያ ይህ ከባላጋራው ነጥብ 15 በመቶ ነው። በኮማንደር ጠረጴዛ ላይ ግን ሦስት ባላጋሮች በድምሩ 120 ነጥብ ስላላቸው፣ ያው ካርድ የሚነካው 2.5 በመቶውን ብቻ ነው። የአንዱን ባላጋራ ፍጡር፣ ማለትም የሚዋጋለትን ካርድ፣ ለመግደል ብናውለው እንኳ ሒሳቡ አይቃናም። እኔ አንድ ካርድ አወጣሁ፣ እሱም አንድ ካርድ አጣ፤ በሁለት ሰው ጨዋታ እኩል ለእኩል ነው። በአራት ሰው ጠረጴዛ ግን ሁለታችን አንዳንድ ካርድ ስንከስር፣ ቁጭ ብለው የተመለከቱት ሁለቱ ምንም ሳያወጡ ከሁለታችንም ቀደሙ። የተከበረው ካርድ የረከሰው ጽሑፉ ስለተለወጠ አይደለም፤ በዙሪያው ያሉት ወንበሮች ስለበዙ ነው።

ይኸው ሒሳብ በተቃራኒው የተናቁትን ያነሳል። በ2002 የወጣው ሳይፎን ማይንድ አራት ማና ያስወጣል፤ ሌሎቹ ተጫዋቾች ሁሉ አንዳንድ ካርድ ከእጃቸው ይጥላሉ፣ በተጣለው ካርድ ልክ ባለቤቱ ይስባል። ባላጋራው አንድ ሲሆን አንድ አስጥሎ አንድ መሳብ ነው፤ ለአራት ማና የሚያኮራ አይደለም። ባላጋሮቹ ሦስት ሲሆኑ ሦስት ካርድ ያስጥላል፣ ሦስት ያስስባል። «ሌሎቹ ተጫዋቾች ሁሉ» የሚሉትን ቃላት ሳያስተውል የሚያልፍ አንባቢ የካርዱን ግማሽ ሳያነብ ፈርዷል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን ሪስቲክ ስተዲ ነው። በ2000 ፕሮፌሲ በተባለው እትም ውስጥ በሚሸጡት እሽጎች በብዛት ከሚገኙት ተራ ካርዶች አንዱ ሆኖ ወጣ። በሦስት ማና ይዘረጋና ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውም ባላጋራ ድግምት፣ ማለትም ከመሬት በቀር ማንኛውንም ካርድ፣ ሲያወጣ አንድ ማና ካልጨመረ የካርዱ ባለቤት አንድ ካርድ ይስባል። በሁለት ሰው ጨዋታ የሚናቅበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ባላጋራው ሲችል አንዷን ማና ይከፍላል፣ ካርዱም ሦስት ማና የፈጀ ትንሽ እንቅፋት ሆኖ ይቀራል። አሁን አራት ሰው የተቀመጠበትን ጠረጴዛ እንመልከት። ተራው የደረሳት ተጫዋች አራት ማና አላት፤ እጇ ላይም አራት ማና የሚፈጅ ድግምት ይዛለች። አንዷን ማና ልጨምር ካለች ድግምቱ ለሚቀጥለው ዙር ይተላለፋል፤ የዘገየችበት ኪሳራ ሙሉ በሙሉ የእሷ ነው። አልከፍልም ካለች ባለቤቱ አንድ ካርድ ይስባል፤ የዚያ ካርድ ጉዳት ግን ለሦስት ባላጋሮች ይከፋፈላል። ስለዚህ «ለአሁኑ ይሳብ» ትላለች። ቀጥሎ ያለውም ተመሳሳይ ስሌት ሠርቶ ተመሳሳይ ነገር ይላል፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። ተራው ወደ ባለቤቱ ሲመለስ ሦስት ካርድ ተቀብሏል። ሦስቱም ለየራሳቸው በሚያዋጣ መንገድ አስበዋል፤ በአንድነት ግን ተሸንፈዋል።

«አስተዋይ ተጫዋቾች ከሆኑ ሁልጊዜ ይከፍላሉ፤ ካርዱ የሚያሸንፈው ግድ የለሾችን ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም፤ ሦስቱም ሳይሰለቹ የሚከፍሉበት ጠረጴዛ በእርግጥ የካርዱን ጉልበት ይቀንሳል። ቢሆንም ከፍለውም እንኳ እያንዳንዱ ድግምታቸው በአንድ ማና ተወድዷል። ሦስት ሰዎች እየተጎተቱ ሲጫወቱ አንዱ ብቻ በሙሉ ፍጥነቱ ይሄዳል። በሁለት ሰው ጨዋታ የሚጎተተው አንድ ሰው ነበር። ኩባንያው በ2025 የኮማንደር ጠረጴዛዎችን በጥንካሬ ደረጃ ሲከፋፍል የጨዋታውን መልክ ይለውጣሉ ያላቸውን ካርዶች ለይቶ ዘረዘረ፤ ሪስቲክ ስተዲ ከእነዚያ መካከል ነው። በሦስተኛው ደረጃ ላይ አንድ ዴክ ከእነዚህ ካርዶች ከሦስት በላይ መያዝ አይፈቀድለትም።

የወንበሮቹ ቁጥር ብቻም አይደለም ሚዛኑን የሚያዛባው። መነሻው ነጥብ ከ20 ወደ 40 ሲያድግ የሕይወት ነጥብ የሚፈጁም ሆኑ የሚጠይቁ ካርዶች ሁሉ ሌላ ካርድ ይሆናሉ። በ2010 የወጣው ሴራ አሴንዳንት በአንድ ማና የሚወጣ ባለ 1/1 (ጉልበቱ 1፣ ጽናቱ 1 የሆነ) ትንሽ ፍጡር ነው፤ ባለቤቱ 30 ወይም ከዚያ በላይ ነጥብ ሲኖረው ግን ባለ 6/6 በራሪ ይሆናል። በ20 የሚጀምር ሰው እዚያ ለመድረስ አሥር ነጥብ መልቀም አለበት። በ40 የሚጀምር ሰው ገና በመጀመሪያው ተራው ደርሷል። በ1995 የወጣው ኔክሮፖተንስም የዚሁ ዘመድ ነው። የዘወትሩን የካርድ መሳቢያ ያስቀርና በአንድ የሕይወት ነጥብ አንድ ካርድ ይሸጣል። ሲወጣ ብዙዎች «ሕይወቴን ከፍዬ?» ብለው ናቁት፤ በዓመቱ ግን ውድድሮችን ተቆጣጠረ። ነጥብ ማለት ማለቅ የሌለበት ክብር ሳይሆን የሚመነዘር ገንዘብ መሆኑ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። በኮማንደር ደግሞ ገንዘቡ እጥፍ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሌላኛው ተረት መንሸራተት ቀላል ነው፤ «እንግዲያው ብዙ ሰው ባለበት ጠረጴዛ ሁሉን የሚነካ ካርድ ሁሉ ጥሩ ነው» የሚለው። ሃውሊንግ ማይንን ውሰዱ። በሁለት ማና ይዘረጋና እያንዳንዱ ተጫዋች በተራው አንድ ተጨማሪ ካርድ እንዲስብ ያደርጋል። ለሁሉም እኩል ይመስላል። ነገር ግን የዘረጋሁት በራሴ ተራ ስለሆነ የመጀመሪያው ተጨማሪ ካርድ ለእኔ ከመድረሱ በፊት ሦስቱ ባላጋሮቼ አንዳንድ ወስደዋል፤ በየዙሩም ለአንድ የእኔ ካርድ ሦስት የእነሱ አለ። የዚህ ካርድ ወዳጆች «ደግ ሰው አይጠቃም» ይላሉ። ለጥቂት ዙር እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ውለታ በጨዋታው ሕግ ውስጥ የለም፤ ሊያሸንፍ የተቃረበውም ተጫዋች የተቃረበው እኔ በሰጠሁት ካርድ ነው። ይህ ካርድ የሚያዋጣው ሌላ ካርድ ደግነቱን ወደ ግብር ሲለውጠው ነው። በ2019 የወጣው ስማዘሪንግ ታይዝ ባላጋራ ካርድ በሳበ ቁጥር ሁለት ማና ካልከፈለ ለባለቤቱ አንድ የሀብት ምልክት ይሰጣል፤ ምልክቱን ሠውቶ አንድ ማና ማግኘት ይቻላል። ከሃውሊንግ ማይን ጋር ሲጣመር ሦስት ባላጋሮች ሁለት ሁለት ካርድ ስለሚስቡ በአንድ ዙር እስከ ስድስት ሊደርስ ይችላል። እኔ በበኩሌ ያለዚህ ዓይነት አጋር ሃውሊንግ ማይንን ዴክ ውስጥ ማስገባት ለባላጋራ መሥራት ነው ባይ ነኝ።

«እያንዳንዱ ካርድ ቦታ አለው» የሚለው አጽናኝ አባባልም እዚሁ መመርመር አለበት። ደጋፊዎቹ የሚጠቅሱት በ2005 የወጣውን ዋን ዊዝ ናቲንግ ነው። በአንድ ማና እጅህ ላይ ያለውን ካርድ ሁሉ ትጥላለህ፤ ከዚያ በቀር ምንም አይሠራም። በ2006 ግን የባላጋራውን እጅ በሃውሊንግ ማይን ሞልቶ በካርዱ ብዛት የሚቀጣ ዴክ ተነሳ፤ አንዳንድ ተጫዋቾችም እጃቸውን ባዶ ለማድረግ ይህን የተሳቀበትን ካርድ በተጠባባቂነት ያዙ። ታሪኩ እውነት ነው፤ የሚያረጋግጠው ግን ትንሽ ነገር ነው። አንድ ካርድ አንድ ጊዜ ለአንድ ባላጋራ መድኃኒት መሆኑ በ100 ካርድ ዴክ ውስጥ ቦታ አያሰጠውም። የጨዋታው ዋና ንድፍ አውጪ ማርክ ሮዝዋተር በ2002 በጻፈው ጽሑፍ ደካማ ካርዶች ለምን እንደሚታተሙ በግልጽ አስረድቷል፦ ጥንካሬ አንጻራዊ ስለሆነ ሁሉም ብርቱ ሊሆን አይችልም፣ የተለያየ ተጫዋች የተለያየ ካርድ ይወዳል፣ የተደበቀውን ብርቱ ማግኘትም የጨዋታው ደስታ አካል ነው። የሚገኝ ነገር እንዲኖር የማይረባም መኖር አለበት። እኔ የምለው የተናቀ ሁሉ ወርቅ ነው አይደለም፤ ንቀቱ በየትኛው ጠረጴዛ እንደተወለደ ይጠየቅ ነው።

ዋጋውን አይቶ መፍረድም አያዋጣም። ሶል ሪንግ በአንድ ማና ወጥቶ በየተራው ሁለት ማና የሚሰጥ፣ በኮማንደር ከሚገኙት እጅግ ብርቱዎች አንዱ ነው፤ ሆኖም ተዘጋጅተው በሚሸጡት ዴኮች ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ስለሚታተም ርካሽ ነው። ዋጋ የሚነግረን ስንት እንደታተመና ስንት ሰው እንደፈለገው ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው ከፈጣን ጠረጴዛዎች ነው። ለማሸነፍ ብቻ የተዋቀሩ ዴኮች በሚገናኙበት ኮማንደር አንድ ተጫዋች በጥቂት ተራ ውስጥ ጨዋታውን በአንድ የካርዶች ቅንብር ሊዘጋው ይችላል። እዚያ ለሦስት ባላጋሮች የሚበቃ ግን ቀርፋፋ ካርድ ሥራውን ሳይሠራ ጨዋታው ያልቃል፤ አንዱን ድግምት በአንድ ካርድ የሚያከሽፍ ደግሞ ነፍስ አዳኝ ነው። ይህ ክርክሬን የሚያፈርስ ይመስላል፤ ሲታይ ግን ያጸናዋል። ስዋን ሶንግ በ2013 የወጣ፣ በአንድ ማና የባላጋራን አንዳንድ ዓይነት ድግምት የሚሽር ካርድ ነው፤ ለተሻረበት ሰው ግን ባለ 2/2 በራሪ ወፍ ይሰጠዋል። በ20 ነጥብ ግጥሚያ ያቺ ወፍ አሥር ጊዜ ከመታች ጨዋታው አለቀ፤ ስጦታው ከባድ ነው። ድግምቱ ሊዘጋው በነበረ የአራት ሰው ጨዋታ ላይ ግን 40 ነጥብ ላለው ሰው ወፏ ከቁጥር አትገባም፤ ደግሞም የምትመታው ሌላውን ሊሆን ይችላል። ፍጥነትም እንደ ወንበሩና እንደ ነጥቡ የሚዛኑ አካል ነው።

ሚዛኑ በአንድ ጨዋታ ውስጥ እንኳ እንደሚለዋወጥ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በ1997 የወጣው ፕሮፓጋንዳ እኔን ለማጥቃት ለእያንዳንዱ ፍጡር ሁለት ማና ያስከፍላል። አራት ሰው ሲቀመጥ ጥቃቱን አያስቀረውም፤ ወደማያስከፍሉት ሁለት ጎረቤቶች ያዞረዋል እንጂ። እነሱ ወጥተው ሁለት ሰው ሲቀር የሚዞርበት ቦታ ስለሌለ ያው ካርድ ግድግዳ ይሆናል። ሳይፎን ማይንድ በተቃራኒው ሦስት ካርድ ያስጥል የነበረው ወደ አንድ ይወርዳል፤ ሪስቲክ ስተዲም ጉዳቱን የሚካፈል ሌላ ሰው ስለማይኖር ባላጋራው በጥንቃቄ መክፈል ይጀምራል። ሦስት ባላጋሮችን ብቻ አስቦ የተሠራ ዴክ ጠረጴዛውን ካራቆተ በኋላ በመጨረሻው ባላጋራ ፊት ባዶ እጁን የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ለአንድ የሚሠሩ ጥቂት ካርዶች ከ100ዎቹ መካከል ቦታ ማግኘት ያለባቸውም ለዚያች ሰዓት ነው።