ፋብሪካ ሥራ ሲቀይር

ጎንደር፣ አራዳ ላይ አሮጌ ቤት የያዘ ሰው ከወዳጅ ዘመድ የሚሰማው ምክር ብዙ ጊዜ ሁለት ነው፦ «አፍርሰህ ፎቅ አቁምበት» ወይም «በሲሚንቶ ለስነህ ቀለም ቀባው»። ሁለቱም የችኮላ ምክር ናቸው። ግንቡን እንዳለ አቆይቶ ውስጡን ለዛሬ ሥራ የማሰናዳት ሙያ ግን አለ። ይህ ሙያ የበሰለው ማሽናቸው በቆመባቸው ፋብሪካዎች ውስጥ ስለሆነ ትውውቁም ከዚያ ቢጀምር ይሻላል።

ፋብሪካ ለቢሮ የሚመቸው ክብደት በመቻሉ ነው። አንድ መሐንዲስ የቢሮ ወለል ሲያሰላ በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ኪሎ እንዲሸከም ያደርገዋል። ከባድ ማሽንና የተከመረ ጆንያ እንዲሸከም የተሠራ ወለል ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ ጠረጴዛና ኮምፒውተር አያስጨንቀውም። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱም ሰፊ ነው፤ የኤሌክትሪክ መብራት ውድ በነበረበት ዘመን ሠራተኛው የሚያየው በፀሐይ ብርሃን ነበርና። ችግሩ የሚመጣው ከሰው ነው። ሲወጣና ሲወርድ የሚውል ሠራተኛ ብርዱንም ጫጫታውንም ይችለዋል፤ ስምንት ሰዓት ተቀምጦ ሒሳብ የሚያመሳክር ሰው ግን አይችለውም።

ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች እኔን የሚማርከኝ ሮተርዳም ውስጥ ያለው ነው። ቫን ኔለ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ቡና፣ ሻይና ትምባሆ የሚያሰናዳበትን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1931 አሠራ። አርክቴክቶቹ ብሪንክማንና ቫን ደር ቭሉኽት ነበሩ። የኮንክሪት ምሰሶዎቹ አናት እንደ እንጉዳይ የተዘረጋ በመሆኑ ወለሉ ያለ አግዳሚ ቆሟል። ሸክሙን ምሰሶዎቹ ስለያዙት የውጭው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በቀጭን ብረት የተያዘ መስታወት ሆነ። ቡናና ትምባሆ ሲዘጋጅበት የኖረው ሕንጻ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሥራውን ሲያቆም ወደ ቢሮነት የመለወጡ ነገር ተነሣ፤ ያ የሚያምር መስታወት ግን በበጋ የሚያቃጥል፣ በክረምት የሚያንዘፈዝፍ ነበር።

ቀላሉ መንገድ መስታወቱን አንሥቶ ድርብ መስታወት መግጠም ነው። ድርብ መስታወት ግን ወፍራም ብረት ይፈልጋል፤ ብረቱ ከወፈረ ደግሞ ሕንጻው መልኩን ያጣል። ሥራውን የመራው አርክቴክት ዌሰል ደ ዮንኽ የውጩን ሳይነካ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሁለተኛ የመስታወት ግድግዳ አቆመ። በሁለቱ መካከል የቀረው ቦታ መተላለፊያ ሆነ። ሙቀቱም ብርዱም ጫጫታውም እዚያ ይቀንሳል፤ ቢሮዎቹ ከውስጠኛው መስታወት ወዲህ ናቸው። አዲሱ ግድግዳ ነገ ቢነሣ አሮጌው ሕንጻ እንደነበረ ይገኛል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 ፋብሪካውን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ውስጡ ሰዎች ቢሮ ከፍተው ይሠሩ ነበር። ለቅርስነት የግድ ባዶ መሆን የለበትም ማለት ነው።

ጎንደር የፋብሪካ ከተማ ሆና አታውቅም፤ ሥራ በመቀያየር በኩል ግን ግንቦቿን የሚወዳደር ጥቂት ነው። ራስ ግንብን ብቻ ብናይ የመኳንንት መኖሪያ፣ የጣሊያን ጄኔራል ቤት፣ የንጉሠ ነገሥቱ ማረፊያ፣ በደርግ ጊዜ ሰው የሚሰቃይበት እስር ቤት፣ ኋላም ሙዚየም ሆኗል። ጣሊያኖች የፋሲል ግቢን ራሱን ጽሕፈት ቤታቸው አድርገውት ነበር። ውጤቱ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ሆነ፤ የአፄ ኢያሱ ግንብ ከተጎዳባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ቤት ባዶውን ከሚቀር ሰው ቢሠራበት ይሻላል ሲባል፣ ማን ገባበት የሚለውም መጠየቅ አለበት።

ጣሊያኖች እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ድረስ በቆዩባቸው ዓመታት ፒያሳ ላይ የፖስታ ቤቱንና የሲኒማ ቤቱን ዓይነት ሕንጻዎች አቁመዋል። የከተማዋን ፕላን ያወጣው ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለው አርክቴክት ነው። ወደ ዘመናዊ ቢሮነት የመለወጥ ጥያቄ ጎንደር ላይ በቅርብ የሚነሣው እንዲህ ባሉት ሕንጻዎች ነው። እነዚህ እንደ ቫን ኔለ መስታወት ሳይሆኑ ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ ፈተናቸውም የተገላቢጦሽ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ወፍራም ግንብ ቀኑን ቀዝቀዝ፣ ምሽቱን ሞቅ አድርጎ ይይዛል፤ የአየር ማቀዝቀዣ መግጠም ብር መጣል ነው። ዋይፋዩን ግን ያው ግድግዳ ያፍነዋል። መፍትሔው ግንቡን በመሮ መፈልፈል አይደለም፤ ሽቦውን በግድግዳው ግርጌ በጣውላ ሽፋን ሥር መዘርጋትና ለየክፍሉ ማሠራጫ መስጠት ነው። መጸዳጃ ቤቶቹንም በየክፍሉ ከመበተን አንድ ጥግ ላይ ደርድሮ ቧንቧው በአንድ መስመር እንዲወርድ ማድረግ ይገባል።

ከሁሉ የሚብሰው ጉዳት ግን የሚመጣው ከልስኑ ነው። የጎንደር ዘመን ግንበኞች ድንጋዩን ያያያዙት በኖራ ነው። ኖራ ለስላሳ ነው፤ ክረምት የገባው እርጥበት በእሱ በኩል ተመልሶ ይወጣል። ሲሚንቶ ሲለሰንበት መውጫው ይዘጋል። እርጥበቱ ከልስኑ ጀርባ ይከማቻል፣ የውስጡ ኖራ ይፈረፈራል፣ ውሎ አድሮ ልስኑ ድንጋዩን ይዞ ይወርዳል። ከፊት ያማረ፣ ከኋላ የሚበሰብስ ግድግዳ ማለት ነው። በኖራ የታነጸ ቤት ያለው ሰው ግንበኛውን ከዋጋው በፊት በምን እንደሚለስን ቢጠይቀው አይከስርም። ኖራ ለመድረቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ኪራይ የሚጠብቅ ባለቤት የሚያማርረውም በዚህ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ምሬቱ ይገባኛል።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ አይነካም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የጥገና ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑን ይሁንታ ይጠይቃል። ስለዚህ የሥራው የመጀመሪያ ወጪ ቀለምም ጠረጴዛም አይደለም፤ ሕንጻውን ክፍል በክፍል ለክቶ፣ ስንጥቁን ሁሉ መዝግቦ፣ የትኛው ግድግዳ ሸክም እንደያዘ የሚያሳይ ፕላን የሚያወጣው ባለሙያ ክፍያ ነው። ማመልከቻውም ያንን ፕላን ይዞ ይገባል።