ትንሿ ቡችላ በድሬዳዋ ሙቀት

በኢትዮጵያ ውሻ በአብዛኛው የሚያዘው ግቢ ጠብቆ ሌባ እንዲያባርር በመሆኑ፣ አድጋ እንኳ ከጥቂት ኪሎ የማትበልጥ የትንሽ ዝርያ ቡችላ ስትመጣ የቆየው ልማድ አይበቃም። ድሬዳዋ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላማ ከተማ ናት። ውሻ እንደ ሰው በመላ አካሉ ስለማያልብ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ፣ ማለትም አፉን ከፍቶ ቶሎ ቶሎ በመተንፈስ ነው፤ እንደ ፔኪኒዝ ያሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች ግን የመተንፈሻ መንገዳቸው ጠባብ ስለሆነ ይህንንም በሚገባ አይችሉም። ስለዚህ ጉዞና ሥልጠና ለማለዳና ለምሽት ይቀጠራል፤ ከተማዋ ራሷ ቀትር ላይ አርፋ አመሻሽ ላይ የምትነቃ በመሆኗ ሰዓቱ ለባለቤቱም አይከብድም። የእጅ ጀርባ ለ5 ሰከንድ ሊያርፍበት የማይችል የከዚራ ሰፈር አስፋልት የቡችላዋንም መዳፍ ያቃጥላል።

በምግብ በኩል ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት የወጥ ትርፍራፊ መስጠት ነው። ወጥ የሚሠራበት ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚሰብር ሲሆን መብሰሉም ጉዳቱን አያስቀረውም፤ መጠኑ ከክብደት ጋር ስለሚሰላ ትልቁን የግቢ ውሻ ያለፈው ትንሿን ሊጥል ይችላል። ከጫት በርጫ በኋላ ወለል ላይ የሚቀረው ገረባ፣ ማለትም የጫት ትርፍራፊ፣ ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ሊኖርበት ስለሚችል ወዲያው መጠረግ አለበት። ቡችላዋ በሰውነቷ የምታከማቸው ስኳር ጥቂት ስለሆነ ምግብ ሲዘገይባት ትፈዛለች፣ ትንቀጠቀጣለች፤ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ በትንሽ በትንሹ መመገቧም ለዚህ ነው።

ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ዓለምን የምትለምድበት በመሆኑ የባጃጅ ጡሩምባና የሕፃናት ጫጫታ ያኔ ሊያጋጥማት ይገባል፤ ክትባቷ እስኪያልቅ ግን ታቅፋ ትወጣለች እንጂ የጎዳና ውሾች ባረፉበት አትረግጥም። ከእንቅልፍ፣ ከምግብና ከጨዋታ በኋላ ወዲያው ወደ አንድ ቦታ እየወሰዱ እዚያ በሸናች ቁጥር መሸለም ያስተምራታል፤ ቁጣ የሚያስተምራት ተደብቃ መሽናትን ብቻ ነው። የአንገት ማሰሪያ ለስላሳ የመተንፈሻ ቧንቧዋን ስለሚጫን የደረት ማሰሪያ ይመረጣል።

አንጀትን የሚያጠቃው የፓርቮ በሽታ ክትባት ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ተጀምሮ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እስከ 16ኛው ሳምንት ይደጋገማል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ 3 ወር ሲሞላት ይሰጣል። ያልተከተበ ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ተጎጂው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።