«የሰመጠ ወጪ» ባሕር ላይ

ቀኑን ሙሉ ባሕር ላይ ውለን የያዝነው ዓሳ አንድ ነው። አንድ ባራኩዳ። የጀልባውን፣ የባቡሩንና የአልጋውን ደምሬ ለኪሎ ባካፍለው፣ በሕይወቴ የበላሁት ውዱ ዓሳ እሱ ነው። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ሒሳብ ሳይሠራ እንቅልፍ አይወስደውም። ባለቤቴ ግን «እንደውም ረከሰን» ትላለች። ለምን እንደዛ እንደምትል ላጫውታችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሱቅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስንጋባ ድግሱን አሳንሰን፣ በተረፈው ብር አንዲት የልብስ ሱቅ ከፈትን። ጫጉላውም «ሱቁ በእግሩ ሲቆም» ተብሎ ተላለፈ። ሱቁ ግን አልቆመም። ኪራዩ ይጨምራል፣ ዕቃ የምናመጣበት ዋጋ ይጨምራል፣ ደንበኛው «ስንት ነው?» ብሎ ይወጣል። እኛ በየወሩ ከደመወዛችን እየቆረጥን እናጎርሰዋለን። በዚህ መሀል የእሷ ዕቁብ ደረሳት።

«ሱቁ ላይ እንጨምረው» አልኳት። «እስካሁን ስንት አውጥተንበታል! አሁን ብንተወው እኮ ሁሉም ገደል ገባ ማለት ነው።»

«የኔ ዕቁብ ባሕር ነው የሚያየው» አለች። ሦስት ቀን ተኳረፍን። በአራተኛው ቀን የባቡር ትኬት ቆረጥን።

የእኛ ዕድሜ ሰው ባሕርን የሚያውቀው በወሬ ነው። ኢትዮጵያ ባሕር አልባ የሆነችው በ1985 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ስወለድ አሰብና ምጽዋ የሌላ አገር ከተሞች ነበሩ። ስለ ባሕር በር ስንከራከር እናመሻለን፣ ባሕሩን በዓይናችን ያየን ግን ስንት ነን? ከለቡ ተነስቶ ድሬዳዋን አቋርጦ ጅቡቲ የሚገባው የባቡር መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ናጋድ ጣቢያ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምጣድ ተቀበለን። ምንዛሬውማ አይወራ። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.721 ላይ ተቸንክሮ ቆሟል። የእኛ ብር ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ብሩ ሲመነዘር ባለቤቴ ፊቷን አዞረች፣ እኔ ቆጠርኩ።

ጀልባዋ ትንሽ ናት፤ ባለ ሸራ፣ ከኋላዋ አንድ ሞተር ያላት። ባለቤቷ ሸምገል ያሉ አፋር ናቸው። አማርኛቸውን የለመዱት ወደብ ላይ ከእኛ የጭነት መኪና ሾፌሮች ነው። ሙሉ ቀን እስከ 11 ሰዓት ብለን ተስማማን፣ ከፈልን፣ የሕይወት አድን ጃኬት አጥልቀን በማለዳ ወጣን።

ወደ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ነበር አቅጣጫችን። ነፋሱ ደግሞ ከዚያው ከምንሄድበት ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል።

«ጋሼ፣ ነፋሱ እየገፋን እንዴት ነው በሸራ ወደ እሱ የምንሄደው?» አልኳቸው።

«በአግድም» አሉኝ ሳቅ ብለው።

እውነትም ጀልባዋ በቀጥታ አትሄድም። አንዴ ወደ ቀኝ አግድም፣ አንዴ ወደ ግራ አግድም፣ እየተጠማዘዘች ወደ ነፋሱ ትጠጋለች። ሸራው እንደ ወፍ ክንፍ ይጎትታታል፣ ከውሃው በታች ያለው አካሏ ደግሞ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ይይዛታል። ይህን እያደነቅሁ ሳለ ሆዴ ተገለባበጠ። ቁርሴን ለዓሳዎቹ አስረከብኩ።

«ውሃውን አትይ» አሉኝ። «ሰማዩና ባሕሩ የሚገጥሙበትን እይ።» ሠራልኝ።

ባለቤቴ ምንም አልሆነችም። ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አጠገብ ነው ያደገችው፤ ጀልባ ለእሷ ብርቅ አይደለም። ቆሮሶና አምባዛ ስታይ ያደገች ልጅ ግን ባሕር ላይ መረብ ሳይጣል ዓሳ ይያዛል መባሉን አላመነችም። ባለ ጀልባው ጠንካራ ክር ላይ ዓሳ የሚመስል የሚያብለጨልጭ ማታለያ ከነመንጠቆው አስረው ከኋላችን ለቀቁት። ጀልባዋ ትጎትተዋለች፤ አዳኙ ዓሳ የሚሸሽ ትንሽ ዓሳ መስሎት ይነክሳል።

ደሴቶቹን አልፈን ውሃው ጥቁር ሰማያዊ ሲሆን ክሩ ተወጠረ። ባለቤቴ ጓንት አድርጋ መጎተት ጀመረች። ላግዝሽ ስላት «ዞር በል!» አለችኝ። ከብዙ ትግል በኋላ ብርማ፣ ረጅም፣ ጥርሱ እንደ መጋዝ የሆነ ፍጡር ጀልባዋ ወለል ላይ ተንፈራገጠ። አራት ኪሎ ይሆናል። እንደዚያ ስትጮህ ሠርጋችን ላይ እንኳ አልሰማኋትም።

ወዲያው ትንሽ ራቅ ብሎ ወፎች ውሃው ላይ ሲወረወሩ አየን። ከሥር የቱና መንጋ አለ ማለት ነው አሉን። እኔ ተነሳሁ። እሳቸው ግን የሚያዩት ወፎቹን አልነበረም። ከወፎቹ ባሻገር የማዕበሉ ጫፍ ነጭ አረፋ ማውጣት ጀምሯል።

«እንመለስ» አሉ።

ሰዓቴን አየሁ፤ ገና ሰባት ሰዓት ነው። «ጋሼ፣ እስከ 11 ሰዓት እኮ ነው የከፈልነው! ዓሳው ይኸው እዚህ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክር።»

ባለቤቴ ናት የመለሰችልኝ። «አንተ፣ የከፈልነው ተከፍሏል። ብንቆይም አይመለስ፣ ብንሄድም አይመለስ። አሁን ጥያቄው መቆየት ይሻላል ወይስ መሄድ ነው።»

ዝም አልኩ። ምክንያቱም ይህችን ዓረፍተ ነገር ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ላይ ተፈትኜባታለሁ። በእንግሊዝኛው «ሰንክ ኮስት» ይባላል፣ የሰመጠ ወጪ። የወጣና የማይመለስ ገንዘብ ለቀጣዩ ውሳኔ ምክንያት መሆን የለበትም። አያቶቻችን ደግሞ ያለ ዩኒቨርሲቲ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብለው ጨርሰውታል። እኔ በፈተና ወረቀት ላይ አውቀዋለሁ። ጀልባ ላይ ግን ጠፋኝ። ሱቁ ላይም ለሁለት ዓመት ጠፍቶኝ ነበር።

ሸራውን አጣጥፈው አሳነሱትና ዞርን። አሁን ነፋሱ ከኋላ ነው፤ ማዕበሉም ከኋላ እየመጣ ያነሳንና ይጥለናል። ውሃ ገባ፣ በባልዲ እየቀዳሁ ወደ ውጭ ደፋሁ። ባለቤቴ በአንድ እጇ ጀልባዋን፣ በሌላው የጃኬቴን ማሰሪያ ይዛለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ማንም ምንም አልተናገረም። ስለ ቱናው ያሰበ ሰው ደግሞ ከመካከላችን አልነበረም። ወደቡ ስንደርስ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ባራኩዳውን ይዘን ከባለ ጀልባው ጋር አንድ የየመኖች ዓሳ ቤት ገባን። ዓሳውን ለሁለት ከፍተው፣ ቀይ ቅመም ቀብተው፣ በሸክላ ምድጃ ጠበሱልንና ከትልቅ ቂጣ ጋር አቀረቡልን። ሦስታችን ከአንድ ሳህን በላን። ባለ ጀልባው ተሰናብተውን ሲሄዱ፣ ሻይ እየጠጣን «ሱቁን እንዝጋው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ከነዕቃው?»

«ከነዕቃው።»

መዝጋቱ እንደ ማውራቱ አልቀለለም። ዕቃውን ከገዛንበት በታች ሸጥን፣ ቀድመን ከከፈልነው ኪራይ የሁለት ወሩ እዚያው ቀረ። ባዶውን መደርደሪያ ስንፈታ ሁለታችንም አለቀስን። ግን በቀጣዩ ወር መጨረሻ ደመወዛችን ሳይቆረጥ እጃችን ገባ።

የከሰረ ሁሉ ይዝጋ እያልኩ አይደለም። የሚሻሻል ሥራ አለ፣ ጊዜ የሚፈልግ አለ። ግን ሌላ ብር ከመጨመራችሁ በፊት አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፦ እስካሁን ምንም ባላወጣ፣ ዛሬ እንደ አዲስ ይህን ሥራ እጀምረው ነበር? መልሱ «አልጀምረውም» ከሆነ፣ የያዛችሁ ሥራው ሳይሆን የሰመጠው ብር ነው።

ባለቤቴ አዲስ ዕቁብ ጀምራለች። በመስከረም ይደርሳታል። የት እንደምንሄድ እስካሁን አልነገረችኝም፣ እኔም ሒሳቡን አልጠየቅኩም።