የክብደት ምርጫ በሞተር አልባ ሞዴል አውሮፕላን የረጅም ርቀት በረራ

በአብደራፊ ቆላ የሰሊጥና የማሽላ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ የተራቆተው ጥቁር አፈር በፀሐይ ይግላል፤ በላዩ ያለው አየርም ሞቆ ሽቅብ ይወጣል። ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየዞሩ ከፍ የሚሉት በዚሁ አየር ነው። ኮሊን ፔኒኩይክ ባለ ሞተር ተንሳፋፊ አውሮፕላን እያበረረ ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት መሠረት ነጭ ጀርባ ጥንብ አንሳ 1 ሜትር ዝቅ ሲል 15 ሜትር ያህል ወደ ፊት ይጓዛል።

በሬዲዮ የሚመራው የረጅም ርቀት ተወዳዳሪ ሞዴልም የሚኖረው በዚሁ ዘዴ ነው፤ በሙቅ አየር ይወጣል፣ ከዚያ እየተንሳፈፈ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። አብራሪው በተሽከርካሪ ላይ ሆኖ በመንገድ ይከተለዋል። ክንፉ 4 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚረዝምበት አንዱ ምክንያት የሰው ዓይን ነው፤ ከፍታ ላይ የማይታይ ሞዴል ሊመራ አይችልም። በተለመደው የውድድር ደንብ ደግሞ ክብደቱ ከ5 ኪሎ ግራም አይበልጥም።

ዋናው ጥያቄ ግን ከዚህ ገደብ በታች ምን ያህል ይመዝን የሚለው ነው። ክብደት ሲጨምር የመንሳፈፍ ጥምርታው እምብዛም አይለወጥም፤ የፊት ፍጥነቱና የመውረድ ፍጥነቱ ግን በክብደቱ ካሬ ሥር መጠን አብረው ያድጋሉ። ለምሳሌ ጥምርታው 20 የሆነ ባለ 2.5 ኪሎ ግራም ሞዴል በሰከንድ 10 ሜትር እየተጓዘ 0.5 ሜትር ይወርዳል እንበል። ክብደቱ ወደ 5 ኪሎ ግራም ከፍ ቢል ፍጥነቱ 14፣ መውረዱ 0.7 ሜትር ገደማ ይሆናል። በሰከንድ 2 ሜትር በሚወጣ አየር 300 ሜትር ወጥቶ 6 ኪሎ ሜትር ለመንሳፈፍ ቀላሉ 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ ከባዱ 11 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። አየሩ በሰከንድ 0.9 ሜትር ብቻ ሲወጣ ግን ቀላሉ በ22 ደቂቃ ተኩል ሲጨርስ ከባዱ 33 ደቂቃ ገደማ ይቆያል። (ሞዴሉ ሲዞር የሚጨምረው መውረድ በስሌቱ አልተካተተም፤ እርሱም ከባዱን ይበልጥ ይጎዳል።)

ሰው የሚጭነው ተንሳፋፊ አውሮፕላን የያዘውን ውኃ በአየር ላይ ሊያፈስ ይችላል። ሞዴል ግን በአብዛኛው የሚሸከመው የብረት ወይም የእርሳስ ዘንግ ስለሆነ ውሳኔው ከመነሣቱ በፊት በምድር ላይ ይወሰናል። ስለዚህ የአየሩን ጥንካሬ አስቀድሞ መገመት ግድ ነው። በአብደራፊ ይህን ለመጀመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፦ ጥንብ አንሳዎች ጠዋት ከዛፍ የሚነሡበትን ሰዓትና አንድ ዙር የሚፈጁበትን ጊዜ በየቀኑ መመዝገብ በቂ ነው። በረራው ራሱ፣ ቦታው ለድንበር ቅርብ በመሆኑ፣ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚሞከር አይደለም፤ ወፍ መቁጠር ግን ዛሬውኑ ይቻላል።