የገጽ አቀማመጥ ለአንባቢ ያለው ጥቅም

ጽሕፈት የሚጻፈው ሊነበብ ነው። ነገር ግን ቃሉ ቢያምር ገጹ ካልተስተካከለ አንባቢ አያገኝም።

ባለፈው ዓመት እኔና ጓደኞቼ እዚህ መካነ ኢየሱስ የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጅተን ነበር። ወረቀት እንዳይባክን ብለን 12 ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ሞላንበት። ተማሪው ቆም ብሎ አይቶ አለፈ እንጂ ያነበበው አልነበረም። በኋላ በቤተ ክርስቲያን የብራና መጽሐፍ ተገልጦ ሳይ ጥፋታችን ታወቀኝ።

የብራና ጸሐፊ ወዲያው መጻፍ አይጀምርም። አስቀድሞ የብራናውን ዳርና ዳር በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳም ያለ ቀለም ያሰምራል። ገጹን ብዙ ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ይከፍለዋል፤ መስመር ሲያጥር ዓይን ሳይሳሳት ወደሚቀጥለው ይወርዳልና። ዙሪያውን ኅዳግ ይተዋል፤ የክፍሉን መጀመሪያም በቀይ ቀለም ይለያል።

በጋይንት ቤተ ልሔም የሚመሰከረው ድጓ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። የዜማው ምልክት ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል ስለሚጻፍ፥ በመስመሮቹ መካከል ቦታ ካልተተወለት ምልክቱ መግቢያ ያጣል። እንግዲህ ባዶ ቦታ የባከነ ቦታ አይደለም።

ዘንድሮ ጋዜጣችንን በሦስት ዓምድ ከፈልን፤ አርእስቱን በቀይ ጻፍን፤ ጽሑፉንም ወደ 5 ቀነስን። ጽሑፋቸው የቀረባቸው አዝነውብናል፤ ከቀሩትም አንዱ የእኔ ነው። ነገር ግን በዕረፍት ሰዓት ጋዜጣው ፊት የሚቆመው ተማሪ ዛሬ እስከ መጨረሻው አንብቦ ይሄዳል።

ውድ ጓደኞቼ፥ ብዕር ከማንሣታችን በፊት መስመር እናስምር።