ፊውዝ የሚጠብቀው ማንን ነው? የአሮጌ ቮልስዋገን ሽቦና የፊውዝ ሳጥን እድሳት

ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሰቃ በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር ካሉት ጋራዦች በአንዱ ደጃፍ አሮጌ ቮልስዋገን ቆማ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ይህች መኪና በአገራችን ታሪክም ስፍራ አላት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። የመጨረሻዋ «ቢትል» ከሜክሲኮው ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. ሲሆን በእኛ ዘንድ ግን ዘመኗ ገና አላበቃም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ስለጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ በእጅ ያለውን ማደስ የሚመርጥ ባለንብረት ብዙ ነው። አካሉ ይበየዳል፣ ቀለም ይቀባል፣ ሞተሩ ወርዶ ይታደሳል። ሽቦው ግን ከ50 ዓመት በፊት በተዘረጋበት ሁኔታ፣ በፕላስተር ላይ ፕላስተር እየተጠቀለለበት ይቀጥላል።

ፊውዝ በተደጋጋሚ ሲቃጠል አብዛኛው ሰው የሚወስደው እርምጃ የታወቀ ነው፤ ከፍ ያለ አምፔር ያለው ይተካል፣ እርሱ ከጠፋ ደግሞ የሲጋራ ብር ወረቀት ይጠቀለልበታል። መብራቱ ስለበራ ችግሩ የተወገደ ይመስላል። ስሕተቱ የሚመነጨው ፊውዝ አምፖሉን ወይም ክላክሱን ይጠብቃል ከሚለው አስተሳሰብ ነው። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከኮረንቲው ርቢ ጋር ስለሚያድግ ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ፊውዙ በዚያው መሥመር ላይ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ደካማ ቦታ ነው፤ እርሱ ቀድሞ ካልቀለጠ ሽቦው ራሱ ፊውዝ ይሆናል። ስለዚህ የፊውዙን መጠን የሚወስነው የሽቦው ውፍረት ነው። ለጥንቃቄ ያህል 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ለሆነ የመዳብ ሽቦ 7.5 አምፔር፣ ለ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር 15 አምፔር፣ ለ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር 20 አምፔር ቢያዝ መልካም ነው።

እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ቮልስዋገኖች በአብዛኛው በ6 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። ይህ ቁጥር ማታ በከባድ መኪኖች መካከል ለሚነዳ ሰው ምን ማለት እንደሆነ በስሌት እንመልከት። እያንዳንዳቸው 45 ዋት የሆኑ ሁለት የፊት መብራቶች በ6 ቮልት 15 አምፔር፣ በ12 ቮልት ደግሞ 7.5 አምፔር ይወስዳሉ። 4 ሜትር ርዝመትና 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ 0.028 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። በ6 ቮልቱ መኪና 0.42 ቮልት፣ ማለትም 7 ከመቶ፣ በመንገድ ይቀራል፤ በ12 ቮልቱ ግን 0.21 ቮልት፣ ከ2 ከመቶ በታች ነው። የአምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ ይልቅ በፍጥነት ስለሚቀንስ የ7 ከመቶ ጉድለት ከብርሃኑ አንድ አምስተኛውን ያህል ይወስዳል። ይህ እንግዲህ ሽቦው አዲስ፣ ማያያዣዎቹም ንጹሕ ሲሆኑ ነው።

ማያያዣዎቹ ግን ንጹሕ አይደሉም። የቮልስዋገን የጥንት ፊውዝ ሁለቱም ጫፉ የሾለ፣ በጎኑ የብረት ቅጠል የተዘረጋበትና በሁለት ስፕሪንግ ነክ ምላሶች መካከል የሚያዝ ነው። በበጋ የዋልካ አፈር አቧራ፣ በክረምት እርጥበት የሚፈራረቁበት ምላስ መዛጉና መላላቱ አይቀርም። 0.1 ኦም የምታህል ተቃውሞ በዚያ ብትፈጠር፣ 8 አምፔር ሲያልፍባት 6.4 ዋት ሙቀት አተር በምታህል ቦታ ላይ ይከማቻል፤ ፕላስቲክ ያለሰልሳል። ፊውዙም ይህን አይከላከልም፤ ኮረንቲው ከተፈቀደው አላለፈምና። አሮጌውን ሳጥን በዘመናዊ ባለ ሁለት እግር ፊውዝ ሳጥን መለወጥ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

በልውውጡ ጊዜ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ እርሱም ቀለም ነው። በጥንቱ ፊውዝ ነጭ 8 አምፔር፣ ቀይ 16 አምፔር ነው። በዘመናዊው ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ነጭ ወይም ቀለም አልባው ደግሞ 25 አምፔር ነው። ነጩን በነጭ የተካ ሰው የሽቦውን ጥበቃ ከሦስት እጥፍ በላይ አላልቶታል ማለት ነው። በ8 አምፔሩ ምትክ ቡናማው 7.5፣ በ16ቱ ምትክ ሰማያዊው 15 ይግባ።

የሽቦ ቀለምም እንዲሁ ያሳስታል። በጀርመን መኪና ቀይ በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ፣ ጥቁር ቁልፍ ሲዞር ኃይል የሚያገኝ፣ ቡናማ ደግሞ ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኝ መሬት ነው። በፊያትና ከፊያት በተወለደችው ላዳ ጥቁር መሬት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ላዳ ታክሲ ሲጠግን የኖረ ባለሙያ የቮልስዋገንን ጥቁር ሽቦ ከቦዲ ጋር ቢያስር የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። የሚታመነው በማያያዣው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው፦ 30 የባትሪ፣ 15 የቁልፍ፣ 31 የመሬት፣ 50 የሞተሪኖ። ለአዲሱ ዝርጋታ የቤት ሽቦ መጠቀም ርካሽ ቢሆንም አይገባም፤ ነጠላ ዘንግ ስለሆነ በንዝረት ይሰበራል። ባለ ብዙ ክር ሽቦ ያስፈልጋል።

ሳጥኑ ከተለወጠ በኋላም ዋናው አደጋ ሳይነካ ሊቀር ይችላል። ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ ፊውዝ ሳጥኑ ከዳሽቦርዱ ሥር፤ የቤንዚን ሳልቫትዮው ደግሞ ከዳሽቦርዱ ፊት ለፊት፣ ከፊተኛው ኮፈን ሥር። ከኋላ እስከ ፊት የሚዘልቀው ወፍራም ቀይ ሽቦ በፋብሪካው አሠራር ፊውዝ የለውም። መከለያው ተልጦ ከአካሉ ጋር ቢነካካ የባትሪው ሙሉ ጉልበት፣ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር፣ ይፈስበታል። ሽቦው 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ ከመነሻው አጠገብ የ40 አምፔር ፊውዝ መግባት አለበት። የሚገባውም ወደ ፊት በሚሄደው ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ ዲናሞውን ከባትሪው በሚያገናኘው ላይ አይደለም። የሞተሪኖው ኬብል እጅግ ብዙ አምፔር ስለሚወስድ ያለ ፊውዝ ይተዋል። የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ላይ ደግሞ የጎማ መሸፈኛ ይደረግ፤ ከኋላ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ስፕሪንግ ወርዶ ሁለቱን ጫፎች ሊያገናኝ ይችላል፣ በዚህም ሳቢያ የተቃጠሉ ቮልስዋገኖች አሉ።

ለፊት መብራት ሪሌይ መጨመር ትርፉ ብዙ ነው። ኮረንቲው በአሮጌው ማብሪያ ውስጥ መዞሩ ይቀርና በአጭር ወፍራም ሽቦ ያልፋል፤ በማብሪያው የሚያልፈው ከ0.2 አምፔር ብዙም አይበልጥም። ሥራው ሲያልቅ መልቲሜትሩን በቮልት ላይ አድርጎ፣ መብራቱ እንደበራ፣ አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በአምፖሉ ማያያዣ ላይ መንካት ነው። በ12 ቮልት መኪና ንባቡ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ በመካከል የሚሞቅ ነገር አለ፤ ከሳጥኑ ጀምሮ ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ በጣት መዳሰስ ቦታውን ያሳያል።